አስተሪዴ ምንድን ነው? ወረንጦ የያዙ የባሕር ኮከቦች

ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ ስለ ባሕር መጻፍ ሳያስቅ አይቀርም። ወደ መርሐቤቴ ሲሄድ ጀማ ሸለቆ የወረደ ሰው ግን ብዙም አይገርመው። እዚያ ያለው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ አገሩ ባሕር ሳለ የተነጠፈ ነው። ዛጎል የታተመበት ድንጋይ ይገኝበታል።

ለማንኛውም፣ አስተሪዴ የአንድ የባሕር ኮከቦች ቤተሰብ ስም ነው። ባዮሎጂ የተማረ "ፋሚሊ" ይለዋል። ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደሚቆጠረው ዘሩን ወደ ላይ እንቁጠርለት። አስተሪዴ የፎርሲፑላቲዳ ልጅ ነው፤ ፎርሲፑላቲዳ የአስትሮይዲያ፣ ማለትም የባሕር ኮከቦች ሁሉ፤ አስትሮይዲያ ደግሞ የኤካይኖደርማታ። ይህ የመጨረሻው "እሾሃም ቆዳ" ማለት ነው። "ኮከብ ዓሣ" የሚሉት አሉ፤ ዓሣ ግን አይደለም። አከርካሪም አንጎልም የለውም።

ዋናው ምልክት ያለው ፎርሲፑላቲዳ የሚለው ስም ውስጥ ነው። ስሙ መቆንጠጫ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው። ያው ወረንጦ በሉት፤ ገጠር ያሉ አያቶቻችን እሾህ ለመንቀል ከማተባቸው ጋር የሚያንጠለጥሉት። የእንስሳውን ጀርባ በማጉያ መነጽር ብታዩት እሾሆቹን ከብበው የቆሙ ደቃቅ ወረንጦዎች ታገኛላችሁ። እያንዳንዱ ሁለት መንጋጋ አለው። ገሚሱ ቀጥ ያለ ነው፤ ገሚሱ እንደ መቀስ የተጣመረ። ከፈት ከደን እያሉ ጀርባው ላይ ሊሰፍር የመጣውን ሁሉ ይቆነጥጣሉ። ጀርባው ንጹሕ የሚሆነው በእነሱ ነው።

ሌላው ምልክት እግሩ ነው። ከክንዶቹ ሥር ቱቦ የሚመስሉ ለስላሳ እግሮች አሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ረድፍ። ሌሎች ብዙ የባሕር ኮከቦች ሁለት ረድፍ ብቻ ነው ያላቸው። እግሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ውስጣቸው ያለው ውሃ ነው።

አበላሉ ደግሞ ጉድ ነው። ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ሲያገኝ ላዩ ላይ ይጎብጥና በእግሮቹ ግራና ቀኝ ይዞ ይጎትታል። አይቸኩልም። ክዳኑ ከሚሊሜትር ያነሰ ክፍተት ካሳየ በቂው ነው። ሆዱን በአፉ ገልብጦ ያወጣና በዚያች ቀዳዳ ያስገባዋል። ሥጋውን እዚያው፣ ባለቤቱ ቤት ውስጥ ፈጭቶ ይጨርሰዋል።

ክንድ ቆጥሮ ዘመድ መለየት ግን ያሳስታል። በሰሜን አትላንቲክ የሚገኘው፣ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 ስም ያወጣለት አስተሪያስ ሩበንስ አብዛኛውን ጊዜ 5 ክንድ አለው። በሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ የሚኖረው ፒክኖፖዲያ እስከ 24 ያበቅላል፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሜትር ሊደርስ ይችላል። መልካቸው ለየቅል ቢሆንም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ከ2013 ጀምሮ የገባ በሽታ ይህን ግዙፍ ክፉኛ ፈጅቶታል፤ አካሉን እያሟሟ። የተረፈው አሁንም ያደናል። ሲያገኝ ሌሎች የባሕር ኮከቦችንም ይበላል፤ ዘመድ ባዳ አይልም።