ኬታሚን ለድብርት፦ የሙከራ መድኃኒት ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል፤ ቢምታታበትም አይፈረድበትም። የሙከራ መድኃኒት የሚባለው በአብዛኛው ገና ያልተፈቀደ፣ በጥናት ውስጥ ብቻ የሚሰጥ ነው። ኬታሚን ግን በአሜሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. ለማደንዘዣነት ተፈቅዷል። ሐኪም ለድብርት ሲያዝዘው ከተፈቀደለት ጥቅም ውጪ ማዘዙ ነው። ይህ በሕግ አይከለከልም። ሆኖም ለድብርት ስንት ይሰጥ፣ በየስንት ጊዜው የሚለውን የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አላጸደቀውም።

የቅርብ ዘመዱ ኤስኬታሚን ሌላ ነው። ይህ የአፍንጫ ስፕሬይ በ2019 እ.ኤ.አ. እዚያው አሜሪካ የተፈቀደው ሌሎች መድኃኒቶች ላልሠሩላቸው የድብርት ታካሚዎች ነው። ቤት ይዘውት አይሄዱም። ከወሰዱ በኋላ ቢያንስ 2 ሰዓት በባለሙያ ክትትል ሥር ይቆያሉ።

ባይፖላር (ስሜት በድብርትና ከልክ ባለፈ መነቃቃት መካከል የሚዋዥቅበት ሕመም) ላለበት ሰው ግን ጥንቃቄው ይብሳል። ስፕሬዩ ለባይፖላር ድብርት አልተፈቀደም። የድብርት መድኃኒት አንዳንዴ ወደ ማኒያ፣ ማለትም ወደዚያ ከልክ ያለፈ መነቃቃት፣ ሊገፋ ስለሚችል፣ ብዙ ጥናቶች ባይፖላር ያለባቸውን አያስገቡም። ስለዚህ «ተፈቅዷል» ሲባሉ «ለየትኛው ሕመም?» ብለው ይጠይቁ። ጥናት ውስጥ ከገቡ ደግሞ የሚደርስዎት መድኃኒት አልባ ማነጻጸሪያ ሊሆን ይችላል። በፈለጉ ጊዜ መውጣት መብትዎ ነው። ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስዱ ከሆነ ግን ለአዲስ ነገር ብለው በራስዎ እንዳያቋርጡ፣ አደራ።