ስለ ኮንት ማርሲሊ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሉዊጂ ፈርዲናንዶ ማርሲሊ በ1658 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጣሊያኗ ቦሎኛ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። በ1730 እዚያው እስኪሞት ድረስ ምሽግ ሠርቷል፣ ተዋግቷል፣ ተማርኳል፣ ድንበር ከልሏል፣ ባሕር መርምሯል። ሥራው ብዙ በመሆኑ ያልሠራውም ይለጠፍበታል፤ የሠራው ደግሞ ይረሳል።

«የቦስፎረስን የታች ጅረት ያገኘው እሱ ነው»

ቦስፎረስ በቁስጥንጥንያ (በዛሬዋ ኢስታንቡል) በኩል ጥቁር ባሕርን ከማርማራ ባሕር የሚያገናኝ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ነው፤ የታች ጅረቱ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። በ1679 የ21 ዓመቱ ማርሲሊ ከቬኒስ መልእክተኛ ጋር ቁስጥንጥንያ ሲገባ፣ ላይኛው ውኃ ከጥቁር ባሕር ወደ ደቡብ ሲወርድ ታችኛው ወደ ሰሜን እንደሚመለስ የነገሩት ዓሣ አጥማጆችና የእንግሊዙ አምባሳደር ጆን ፊንች ናቸው። እሱ ወሬውን ለካው፤ ክብሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ገመድ ጫፍ ላይ እርሳስ አሰረ፤ በገመዱ ላይ ከላይ እስከ ታች ነጭ የተቀቡ የቡሽ ቁራጮች ደረደረና ከጀልባ ወደ ውኃው ለቀቀ። የላይኞቹ ቡሾች ወደ ደቡብ ሲሳቡ የታችኞቹ ወደ ሰሜን ዞሩ።

«የታችኛውን ውኃ ነፋስ ይገፋዋል»

የሚገፋው ክብደት ነው። ማርሲሊ ይህን ለማሳየት አንድ ሣጥን መሐሉን በግድግዳ ከፈለ። በአንዱ ወገን ከታችኛው ጅረት የተቀዳ፣ ቀለም የገባበት ጨዋማ ውኃ፣ በሌላው የጥቁር ባሕርን ላይኛ ውኃ የሚያህል ቀላል ውኃ አደረገ። ግድግዳው ላይ አንድ ቀዳዳ ከታች፣ አንድ ከላይ ሲከፈት፣ ከባዱ በታችኛው ቀዳዳ፣ ቀላሉ በላይኛው ወደ ተቃራኒው ወገን ሄዱ። ሙከራውን መድገም የሚፈልግ አንድ ነገር ይጠንቀቅ፤ ከመክፈቱ በፊት የሁለቱ ወገን ውኃ ከፍታ እኩል ይሁን። አንዱ በጣም ከበለጠ ውኃው በሁለቱም ቀዳዳ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎርፋልና ምንም አይታይም። ዛሬ እንደምናውቀው የቦስፎረስ ላይኛው ውኃ በኪሎ ወደ 18 ግራም ጨው ሲይዝ፣ ከሜዲትራኒያን የሚመጣው ወደ 38 ግራም ይይዛል።

«ቪየና ቡናን ያወቀችው ቱርኮች ጥለውት በሸሹት ጆንያ ነው»

ደስ የሚል ተረት ነው። በቪየና ቡና አፍልቶ ለመሸጥ የመጀመሪያውን ፈቃድ በጥር 1685 ያገኘው ዮሐንስ ዲዮዳቶ የተባለ አርመናዊ ነው። ማርሲሊ ግን ቡናውን ኦቶማኖች (ቱርኮች) በ1683 ቪየናን ከከበቡበት ጊዜ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ለኦስትሪያ ገዢዎች ለሀብስቡርጎች ሲዋጋ በሐምሌ 1683 ቆስሎ በኦቶማኖች አጋሮች በታታሮች ተማርኮ ተሸጠ፣ ቪየና ስትከበብም በኦቶማኖች ሰፈር ድንኳን ውስጥ ቡና እያፈላ በባርነት አገለገለ። ቤዛ ተከፍሎለት ነፃ የወጣው በ1684 ነው። በ1685 ስለ ቡና ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ መጠጡን «እስያዊ» አለው፤ የተክሉ አገር ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው።

«የካርሎዊትዝን ውል ፈርሟል»

ከኦቶማኖች ጋር የተደረገውን የጥር 1699ኙን የሰላም ውል በሀብስቡርግ በኩል የፈረሙት ኮንት ኤቲንገንና ኮንት ሽሊክ ናቸው። ማርሲሊ አማካሪ ነበር። የከበደው ሥራ የመጣው ከፊርማው በኋላ ነው፤ እስከ 1701 ድረስ ከኦቶማን አቻው ጋር ወንዙንና ተራራውን እየዞረ በወረቀት ላይ ያለውን መስመር መሬት ላይ አወረደው።

«ብራይዛክን ለፈረንሳይ የሸጠ ከሐዲ ነው»

በ1703 በራይን ወንዝ ዳር ያለው የሀብስቡርጎች ምሽግ ብራይዛክ ለፈረንሳይ እጁን ሲሰጥ ማርሲሊ ሁለተኛ አዛዥ ነበር። ከበባውን የመራው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ቮባን ነው፤ ፈረንሳይ ምሽጉን ለብዙ ዓመታት ይዛው ስለነበር እያንዳንዱን ግንብ ያውቀዋል። ምሽጉ የቆየው ሁለት ሳምንት ያህል ነው። የጦር ፍርድ ቤቱ ዋናውን አዛዥ ኮንት አርኮን በ1704 አንገቱን አስቀላ፤ የማርሲሊን ማዕረግ ገፎ ሰይፉን አሰበረ። ቅጣቱ ከጥፋቱ በላይ ነበር እንላለን፤ ማርሲሊም እስከ መጨረሻው በጽሑፍ ተከራክሯል።

«ኮራል እንስሳ መሆኑን አረጋገጠ»

ተቃራኒውን ነው ያለው። በ1706 በፈረንሳይ ደቡብ ጠረፍ፣ በካሲ፣ ገና ከባሕር የወጣ ቀይ ኮራል (ከባሕር ሥር የሚገኝ፣ ቅርንጫፍ የሚመስል ጠንካራ ነገር) የባሕር ውኃ በሞላበት ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ። ቆይቶ ቅርንጫፉ ላይ ስምንት ስምንት ቅጠል ያላቸው ነጫጭ አበቦች ፈኩ። ከውኃው ሲያወጣው ተከደኑ፣ ሲመልሰው ተከፈቱ። ኮራል ተክል ነው ብሎ ጻፈ። ያየው አንድም ስሕተት የለበትም፤ የሳተው ትርጉሙን ብቻ ነው። በ1720ዎቹ የማርሴይ ሰው የሆነው ሐኪም ፔይሶኔል ያንኑ «አበባ» አይቶ እንስሳ መሆኑን ተናገረ። ስምንቱ ቅጠሎች ምግብ የሚይዙ እጆች ነበሩ።