ሬዞናንስ ምንድን ነው? የስፒከር ማቆሚያ ሊዘምር አይገባውም

«ማቆሚያው ከዋንዛ የተሠራ ስለሆነ ጥሩ ሬዞናንስ አለው፤ የስፒከሩን ድምፅ ያደምቀዋል።» ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። በቅርቡ ሲናገረው የሰማሁት ሰው በገዛ እጁ፣ በቤቱ ያማረ ማቆሚያ ሠርቷል። መጋጠሚያው ንጹሕ ነው፤ ቅርጹም ቀጠን ያለና ዘመናዊ ነው። ልፋቱን ከልቤ አደንቃለሁ። ያሳዘነኝ ግን ሥራውን ያሞገሰበት ቃል ነው፤ ለስፒከር ማቆሚያ ሬዞናንስ በሽታ ነውና።

ማንኛውም ግዑዝ ነገር ሲነካ የሚርገበገብበት የራሱ ምት አለው። ከውጭ የሚመጣው ግፊት ከዚያ ምት ጋር ሲገጥም ንዝረቱ በላይ በላዩ እየተጠራቀመ ያድጋል። ዥዋዥዌ የሚገፋ ልጅ ጊዜውን ጠብቆ በትንሽ ጉልበት ጓደኛውን ከፍ የሚያደርገው በዚህ ነው። ሬዞናንስ ማለት ይህ ግጥምጥም ነው። ከገደል ማሚቶ ጋር አይገናኝም፤ የድምፅ ጥራት ሌላ ስምም አይደለም። ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ደግሞ መራጭ መሆኑ ነው። ማቆሚያው በሰከንድ 120 ጊዜ የመርገብገብ ዝንባሌ ካለው፣ ቤዝ ጊታሩ ያንን ድምፅ በነካ ቁጥር እንጨቱ አብሮ ይጮኻል፤ ጊታሩ ዝም ካለ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይቀጥላል። ሌሎቹን ድምፆች ግን አይነካቸውም። ይህን ማድመቅ ልንለው አንችልም። ከዘፈኑ ውስጥ አንዱን ድምፅ ብቻ ነጥሎ ማሳበጥ ነው።

«ታዲያ በገናና ክራር ለምን ከእንጨት ይሠራሉ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከራሱ ከበገናው ይገኛል። የበገና ጅማቶች የሚያርፉበት ድልድይ ብርኩማ ይባላል። ሰው የሚቀመጥበትም ትንሽ ዱካ ብርኩማ ይባላል። ስማቸው አንድ፣ ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። ጅማት ቀጭን ስለሆነ አየሩን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ ብዙ አየር መግፋት አይችልም። ስለዚህ የበገናው ብርኩማ ንዝረቱን ተቀብሎ ወደ ሰፊው ቆዳ ያሻግረዋል፤ አየሩን የሚገፋው ቆዳው ነው። የበገናው ገበቴ፣ ማለትም ቆዳው የተወጠረበት የእንጨት ሣጥን፣ ከራሱ የጨመረው ኃይል የለም። የደርዳሪው ጣት የሰጠውን ወደ አየር አወጣው እንጂ። ስፒከር ደግሞ አየር የሚገፋበት የራሱ ኮን (ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚርገበገበው ክብ ክፍል) አለው። እርሱ በራሱ ሙሉ በገና ነው። ከሥሩ የምንሠራለት ማቆሚያ የሁለተኛው ብርኩማ ዘመድ ነው፤ ደርዳሪው የሚቀመጥበት።

እስቲ ያንን መቀመጫ አስቡት። ደርዳሪው በተቀመጠ ቁጥር ዱካው አብሮ ቢያንጎራጉር ማን ይታገሠዋል? ዱካው እንዲከብድ፣ እግሩ እንዳይወላገድ፣ አጎዛም እንዲነጠፍበት እንፈልጋለን። ማቆሚያም የሚፈልገው እነዚህኑ ሦስት ነገሮች ነው፦ ክብደት፣ ግትርነትና ንዝረትን የሚበላ ነገር። ከሦስቱ መካከል ሰዎች የሚረሱት አጎዛውን ነው። ክብደትና ግትርነት ሬዞናንሱን ከቦታ ቦታ ያዘዋውሩታል እንጂ አያጠፉትም። ለምሳሌ የጠፍጣፋ እንጨት ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር ግትርነቱ 8 እጥፍ፣ ክብደቱ ደግሞ 2 እጥፍ ይሆናል፤ በዚህ የተነሣ የራሱ ምት በእጥፍ ይፈጥናል። ችግሩ ከወፍራሙ ድምፅ ወጥቶ ወደ መካከለኛው ተሻገረ ማለት ነው። የሰው ድምፅ ያለው ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው።

ያ ሰው «እኔ ግን ልዩነቱን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ» ይል ይሆናል። መስማቱን አልጠራጠርም። ስፒከር ወደ ግድግዳ፣ ወደ ወለል ወይም ወደ ጥግ በቀረበ ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ ይጎላል፤ በሁሉም አቅጣጫ ሊሰራጭ የነበረው ድምፅ ተመልሶ ወደ ክፍሉ ይገባልና። ሰውየው አዲሱን ማቆሚያ ግድግዳው ሥር አስጠግቶ ምስጋናውን ለዋንዛው ሰጠ። ማረጋገጥ ቀላል ነው፦ ማቆሚያውን አንሥቶ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ቁመት ላይ ብሎኬት ደርድሮ ስፒከሩን ያስቀምጥበት። ድምቀቱ ሳይሄድ ይቀራል። ዋንዛን የምወደው ሰው ነኝ፤ ነገር ግን እየተመናመነ ያለ አገር በቀል ዛፍ ነው፤ ላልሠራው ሥራ እየተመሰገነ ተጨማሪ ግንድ እንዲወድቅ አልፈልግም። መልኩን ለሚፈልግ ከላይ የሚለጠፍ ስስ የዋንዛ ልባስ ይበቃል።

እኔ የምሠራው ይህን ይመስላል። ምሰሶው ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ከማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ሆኖ እንደ ሣጥን ይዘጋል፤ የውስጡ ስፋት 9 በ9 ሳንቲ ሜትር ነው። ቁመቱ በ60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ በደረቅ አሸዋ ሲሞላ ወደ 8 ኪሎ ግራም ይጨምራል። የአሸዋው ቅንጣቶች እርስ በርስ እየተፋተጉ ንዝረቱን ወደ ሙቀት ይለውጡታል፤ አጎዛው እርሱ ነው። አሸዋው በፀሐይ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ከሆነ ኤምዲኤፉ ከውስጥ ያብጣል። ከላይኛው ክዳን በቀር መጋጠሚያው ሁሉ ዳር እስከ ዳር ኮላ ይቀባ፤ አለበለዚያ አሸዋው ወለሉ ላይ ይፈስሳል። ብሎን በኤምዲኤፍ ጠርዝ የምታስገቡ ከሆነ ቀድማችሁ ብሱት፤ አለበለዚያ ይሰነጠቃል። ወለል በውኃ በሚወለወልበት ቤት ምሰሶው የሚቆምበት የሥረኛው ጠፍጣፋ በትንንሽ የጎማ እግሮች ከፍ ይበል።

ቁመቱን ከሌላ ሰው አትቅዱ። ከምትቀመጡበት ወንበር ላይ ሆናችሁ ከወለል እስከ ጆሮ ለኩ። ጆሮው 95 ሳንቲ ሜትር ላይ ካረፈ፣ ትዊተሩም (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ የስፒከር ክፍል) ከስፒከሩ ሥር 28 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ ማቆሚያው ከነእግሩና ከነጠፍጣፋዎቹ 67 ይሆናል። በእውነቱ ይህ ቁመትና ከግድግዳው ያለው ርቀት ከእንጨቱ ዓይነት ይልቅ ድምፁን ይለውጡታል። የስፒከር ኮን ብዙ ጊዜ የሚመዝነው በግራም ነው፤ ሣጥኑ በኪሎ። ስለዚህ ሣጥኑ ማቆሚያውን የሚነቀንቅበት ጉልበት ትንሽ ነው። ይህን የምለው በሹል የብረት እግር ንዝረት «ወደ መሬት ይፈስሳል» ለሚሉትም ነው። ሹል እግር ምንጣፍን ወግቶ ማቆሚያው እንዳይንገዳገድ ያደርጋል፤ ጥቅሙ ይህ ነው። ንዝረት ግን በመጣበት መንገድ ይመለሳል፤ በአንድ በኩል ብቻ የሚከፈት በር የለውም። ሴራሚክ ላይ ደግሞ ሹሉ እግር ይንሸራተታል፤ ወለሉንም ይጭረዋል።

ቀጠን ያለ ዘመናዊ መልክ ለሚፈልግ፣ ስፒከሩ የሚያርፍበትን የላይኛውን ጠፍጣፋ ከስፒከሩ ወርድ ትንሽ አጥብቡት፤ ከፊት ሲታይ ስፒከሩ በአየር ላይ የቆመ ይመስላል። የሥረኛውን ግን አታጥብቡት። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ምሰሶውን ይዞ ለመቆም መሞከሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ስፒከሩ ከነማቆሚያው ከተገፋ ወደ ቦታው የሚመለስ መሆኑን ራሳችሁ ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩት።

ሥራው ሲያልቅ ምሰሶውን በጣታችሁ አንጓ አንኳኩት። አጭርና ደረቅ «ዱብ» ካለ ደኅና ነው። እንደ ከበሮ ከተንጎራጎረ ክዳኑን ክፈቱና አሸዋ ጨምሩበት።