ቫርቻር 20 ስንት ፊደል ይይዛል?

በዳታቤዝ ሠንጠረዥ ውስጥ ለስም ዓምድ «ቫርቻር(20)» (VARCHAR፣ ርዝመቱ የሚለዋወጥ የጽሑፍ ዓይነት) ተብሎ ሲጻፍ 20 ምኑን ነው የሚቆጥረው? እንደ ዳታቤዙ ይለያያል። በፖስትግሬስ እና በማይኤስኪውኤል ፊደል ይቆጠራል። የኦራክል ቫርቻር በሆነው ቫርቻር2 ግን፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ፣ የሚቆጠረው ባይት (የማከማቻ ቦታ መለኪያ) ነው። በእንግሊዝኛ ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ አይታየውም፤ አንዱ ፊደል አንድ ባይት ነውና። የግዕዝ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት በሚወክለው የኮድ ሥርዓት) እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ «ገብረመድኅን» 7 ፊደል ብቻ ሆኖ ሳለ 21 ባይት ስለሚሞላ ኦራክል አይቀበለውም። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ቻር» (CHAR) የሚለውን ቃል መጨመር ቆጠራውን ወደ ፊደል ይመልሰዋል።

ኦራክል ቢያንስ ስህተት መሆኑን ይናገራል። የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር የባሰ ነው፦ የዩቲኤፍ-8 ኮሌሽን (የፊደል ኮድና የአደራደር ቅንብር) ባልተመረጠለት ቫርቻር ውስጥ የገባ አማርኛ ያለ ማስጠንቀቂያ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ዋናው ጽሑፍም ተመልሶ አይገኝም። እንዲህ ከሆነ ዓምዱ ኤንቫርቻር (NVARCHAR፣ ዩኒኮድ የሚይዘው ዓይነት) መሆን አለበት። ይህ ብቻ ግን አይበቃም። በትእዛዙ ውስጥ በቀጥታ ለሚጻፍ ጽሑፍ ከመክፈቻው ጥቅስ በፊት «ኤን» (N) የምትባለው የላቲን ፊደል ትቀድማለች። ብዙ ሰው ዓምዱን አስተካክሎ ይህችን ይረሳና የጥያቄ ምልክቶቹን እንደገና ያገኛቸዋል።

ቻር የሚባለው ባለ ቋሚ ርዝመት የጽሑፍ ዓይነት የጎደለውን በባዶ ቦታ ስለሚሞላ ርዝመቱ ለማይለወጥ ኮድ፣ ለምሳሌ ለባለ 3 ፊደል የገንዘብ መለያ፣ ካልሆነ አልመክረውም። «ይፈጥናል» የሚባለውም ቢያንስ በፖስትግሬስ እውነት አይደለም፤ እዚያ ለስም የርዝመት ቁጥር የማይጠይቀውን ቴክስት (TEXT) እመርጣለሁ።