ሽርሽር፦ የቃሉ ትርጉምና ዘር

ሽርሽር ማለት ሳይቸኩሉ፣ ጉዳይም ሳይኖር፣ አየር እየተቀበሉ ወዲያ ወዲህ ማለት ነው። ግሱ «ተንሸራሸረ» ነው። ሌላ ሰው ይዞ መውጣት ሲሆን «አንሸራሸረ» ይባላል፦ «እሑድ ልጆቹን አንሸራሽራቸው»። በአፍ ደግሞ «ወጣ ብለን ሸርሸር እንበል» ነው የምንለው። የእግር ጉዞ መድረሻ አለው፣ አለዚያም ሐኪም ያዘዘው ነው። ሽርሽር የወጣ ሰው ግን «የት ደረስክ?» ቢባል መልስ የለውም።

ቃሉ ሽ እና ር ተደጋግመው የተሠራ ነው። ድግግሞሹ ራሱ መመላለስን ያሰማል፤ «ተንገዳገደ» እና «ተንቀሳቀሰ» ላይም ይኸው አለ። አፈር ከሚበላው «ሸረሸረ» ጋር በፊደል አንድ ነው። የጎርፍና የሽርሽር ዝምድና ግን ለእኔ አይታየኝም።

ግዕዝ ለዚሁ ነገር «አንሶሰወ» የሚል ያማረ ግስ አለው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 አዳምና ሔዋን ከዛፎቹ መካከል ሲሸሸጉ እግዚአብሔር በገነት «ያንሶሱ» ነበር። አማርኛው «ሲመላለስ» ብሎ ተረጎመው። ትክክል ነው፤ ግን የማምሻው ነፋስና የእርምጃው ዝግታ ትንሽ ጠፍቶበታል። ስለ ሥጋዌ፣ አምላክ ሰው ስለመሆኑ፣ ሲነገርም «ወአንሶሰወ ምስለ ሰብእ» ይባላል፤ ከሰው ጋር ተመላለሰ ማለት ነው። «እንስሳ» የሚለው ቃልም የወጣው ከዚሁ ግስ ነው። የሚንቀሳቀስ፣ ወዲያ ወዲህ የሚል ፍጡር ለማለት ነው። በግዕዝ መነሻው ላይ «አን» የሚይዝ እንዲህ ያለ ግስ ብዙ ነው። አማርኛችንም መልኩን ጠብቆ «አንጎራጎረ»፣ «አንሸራሸረ» እያለ ቀጥሏል።

በገጠር እግር የሚነሳው ለማሳ፣ ለገበያ ወይም ለለቅሶ ነው።

ከተማ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበቤ ከእንግሊዝኛ «ወክ»ን ወሰደ። ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ወጥቶ፣ የወርቅ ቤቶቹን መስታወት እያዩ ማለፍ፣ ማኪያቶ ጠጥቶ በመጡበት መመለስ፤ ወክ ይህ ነበር። ወንድና ሴት «ወክ እያደረጉ ነው» ከተባለ ሰፈሩ ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። አስመራ ደግሞ ከጣሊያንኛ «ፓሰጃታ» ያለችው የማታ ሽርሽር ልማድ አላት። ሐዋሳ ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር መውጣት ግን እስካሁን ሽርሽር ነው፤ ሌላ ስም አልፈለገም።

የወላጅ ቃል «ዙረት» ነው። «የት ስትዞሪ ዋልሽ?» ሲባል መንገዱ ያው የሽርሽሩ መንገድ ነው፤ ፈቃዱ ብቻ ጎድሏል።

ቃሉ ከእግርም ወርዷል። ዛሬ በመኪናም በአውሮፕላንም ሽርሽር ይኬዳል። ከሁሉ የሚገርመው «የጫጉላ ሽርሽር» ነው። ጫጉላ በባህሉ ሙሽሮች ተከልለው የሚቆዩበት ዳስ ነው። ሙሽሪት ከዚያ እንደልቧ አትወጣም። ከተሜው የማይወጣበትን ቤት ከመውጣት ጋር አጋባውና ላንጋኖ ወረደ።

በስብሰባና በጋዜጣ ደግሞ ሐሳብ «ይንሸራሸራል»። ወሬ ግን አይንሸራሸርም፤ ወሬ «ይናፈሳል»፤ እሱም የመናፈሻ ዘመድ ነው።