የወንዝ ዳር ማጥመጃ ቦታ ዝግጅት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በእንግሊዝ አገር ወንዝ ላይ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ጁን 16 (በእኛ ሰኔ 9) እንደ ዓመት በዓል ነው። ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ድረስ በወንዝ ውስጥ እንደ ባርቤል፣ ቸብ፣ ሮች እና ፓይክ ያሉትን ዓሦች ማጥመድ ክልክል ነው። በ16ኛው ቀን ይከፈታል። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ክለቦች አባሎቻቸውን ማጭድ አስይዘው ወንዝ ዳር ይጠራሉ። ሥራው «ስዊም» ማዘጋጀት ነው። ስዊም ማለት አጥማጁ ተቀምጦ መንጠቆውን የሚጥልባት፣ ፊት ለፊቷ ካለው ውሃ ጋር አንድ ላይ የምትቆጠር ቦታ ናት።

እኔም ሰቨርን ወንዝ ላይ በዚህ ሥራ ስሳተፍ ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱ የምሰማቸው፣ አንዳንዶቹንም ራሴ የማምንባቸው የነበሩ ስህተቶች አሉ።

«ማዘጋጀት ማለት መመንጠር ነው»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመት አድርጌዋለሁ። ቦታዬ ላይ አንድ አኻያ ዛፍ ነበር። አንዱ ቅርንጫፉ ጎንበስ ብሎ ውሃውን ይነካል። ወንዙ ያመጣው ጭራሮና ቅጠል እዚያ ላይ ተከማችቶ ምንጣፍ መስሏል። ቆሻሻ መሰለኝ። በመጋዝ ቆረጥኩት፣ ጭራሮውን ጎትቼ አወጣሁ፣ ውሃው ወለል ብሎ ታየኝ። ደስ አለኝ።

ጁላይን ሙሉ ተቀመጥኩበት። አንድም ቸብ አልነካልኝም። አንድ ሽማግሌ የክለባችን አባል ሁኔታዬን አይተው «ና፣ እኔ ጋ ተቀመጥ» አሉኝ። ወደ ታች 30 እርምጃ ያህል ወረድን። እሳቸው ጋ ያለውን ዛፍ ማንም አልነካውም። ከጥላው ሥር ወፋፍራም ቸቦች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ከቅጠሉ የሚወድቅ ትል እየጠበቁ።

ዓሣ እኛ በምንጠላው ዝርክርክ ውስጥ ነው የሚኖረው። ጥላው ከፀሐይ ይጋርደዋል። ቅርንጫፉ ዓሣ ከሚበሉ ወፎች ይሸሽገዋል። ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ጫጩቶቹ ጎርፍ እንዳይወስዳቸው የሚጠለሉት እዚያው ነው። የወደቀ ግንድም እንደዚሁ። መንጠቆ ይይዝብኛል ብሎ ማውጣት የዓሣውን ቤት ማፍረስ ነው።

ታዲያ ምን ይሠራ? ለሰው የሚያስፈልገው ብቻ። ሳይንሸራተቱ የሚቆሙበት ደልዳላ ቦታ። መረብ ዝቅ አድርጎ ዓሣውን ለመቀበል የሚበቃ ክፍተት። መንገዱን የዘጋውን ሳማ ማጨድ። ግራና ቀኙን ቄጠማ ግን እንዳለ መተው ነው፤ እሱ መጋረጃችሁ ነው። ሰቨርን ዳርቻው ቁልቁል የሆነ ጭቃ ስለሆነ በብዙ ቦታ ደረጃ ይሠራል። ለእሱ ድካም ብትቆጥቡ ትጎዳላችሁ፤ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

«ሣርና ቁጥቋጦ ነው፣ ማን ይጠይቀናል?»

ሕጉ ይጠይቃል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዱር እንስሳት ሕግ ወፍ እየሠራችው ያለውን ወይም ገብታበት ያለችውን ጎጆ ሆን ብሎ ማፍረስን ወንጀል ያደርገዋል። ሜይና ጁን ደግሞ የመፈልፈያ ወቅት ናቸው። አንድ ጊዜ ማጭድ ይዤ ቄጠማውን ገለጥ ሳደርግ፣ ቀይ መንቁር ያላት ጥቁር የውሃ ወፍ ስድስት ዕንቁላል ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። አልተነሳችም። ቄጠማውን ቀስ ብዬ መለስኩት። ያቺ ስዊም እስከ ኦገስት ሳትነካ ቆየች። ዳርቻውን ቆፍሮ የሚኖረው የውሃ አይጥም ጉድጓዱ በሕግ የተጠበቀ ነው።

ስለዚህ የመጋዝ ሥራ የእንግሊዝ የብርድ ወራት ሥራ ነው፤ ለጁን የሚቀረው ቀላል አጨዳ ብቻ ነው። ዳርቻ መቆፈር፣ ውሃ ውስጥ ያለ አረም መቁረጥ ወይም ውሃ አጠገብ ፀረ አረም መርጨት ካሰባችሁ በቅድሚያ ከመንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት (ኤንቫይሮመንት ኤጀንሲ) ፈቃድ ጠይቁ።

«መጤ አረም ያየ ሁሉ ይቁረጥ»

ጣናን ያስጨነቀውን እንቦጭ ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ አዲስ አይደለም። ግን ሁሉም በአንድ ዘዴ አይጠፋም። ሐምራዊ አበባ ያለው የሂማላያ ባልሳም ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ በእጅ ይነቀላል፤ ፍሬው ሳይደርስ ግን መሆን አለበት፣ ፍሬው ከደረሰ ሲነኩት ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል። የጃፓን ኖትዊድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቁራጩ በወደቀበት ይበቅላል፣ ስለዚህ አትቁረጡት፣ ለክለቡ ተናገሩ። ጃይንት ሆግዊድን ጭራሽ አትንኩ። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል።

«ክልከላው ያረጀ ልማድ ነው»

ሕጉ ያረጀ መሆኑስ እውነት ነው፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1878 የወጣ ሕግ ነው። በ1995 ከአብዛኞቹ ኩሬዎችና ሐይቆች፣ በ2000 ደግሞ ከአብዛኞቹ ቦዮች ላይ ተነስቷል። በወንዝ ላይ የቀረው ዓሦቹ ዕንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ ስለሆነ ነው። ባርቤል በሜይና በጁን ጥልቀት ወደሌለው፣ ጠጠራማና ፈጣን ውሃ ወጥቶ ይጥላል። በጣና የሚገኙት ዘመዶቹም፣ እኛ ነጭ ዓሣ የምንላቸው፣ በክረምት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ወጥተው እንዲሁ ያደርጋሉ። እዚያ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ሲጠብቃቸው ቁጥራቸው ምን ያህል እንዳሽቆለቆለ የጣና ሰው ያውቃል። ለእኔ ይሄ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ቀኑ ፍጹም ነው ማለቴ ግን አይደለም። ፓይክ ማርች ላይ መጣል ይጀምራል። ውሃው ከቀዘቀዘ ባርቤል ከጁን 16 በኋላም ገና ሳይጥል ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ተከፍቷል» ማለት ጠጠሩን እየረገጡ መግባት ማለት አይደለም።

«ፈቃድ ከፍያለሁ፣ የትም መቀመጥ እችላለሁ»

አይቻልም። ዕድሜው 13 ዓመት የሞላ ሁሉ የመንግሥት የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያለ እሱ የተገኘ እስከ 2,500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ዳርቻው ግን የባለቤቱ ወይም የክለቡ ነው፣ የእነሱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ከመክፈቻው በፊት ዓሣ ለመሳብ ምግብ ውሃ ውስጥ መጣልም ቢሆን የክለቡን ደንብ አንብባችሁ ነው።

«ጓንት ምን ይሠራል?»

ወንዝ ዳር የአይጥ ሽንት አለ። በተጫረ እጅ የሌፕቶስፓይሮሲስ በሽታ ይገባል። ቁስላችሁን ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ፣ ሳትታጠቡ አትብሉ። ሥራው ካለቀ በኋላ ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ከተሰማችሁ ለሐኪሙ ወንዝ ዳር እንደነበራችሁ ንገሩት። ቦታ ስትመርጡ ደግሞ ቀና በሉ። ከካርቦን የተሠራ የማጥመጃ ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ከላይ ካለ የኤሌክትሪክ መስመር ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ።

ዘንድሮም የመክፈቻው ዋዜማ ማታ ነጸብራቅ የሚቀንሰውን መነጽሬን አድርጌ፣ እግሬን ቀለል እያደረግሁ ዳርቻውን ዞርኩ። ጠጠሩ ላይ ባርቤሎች ገና ይርመሰመሱ ነበር፣ ሆዳቸው ብልጭ ይላል። ያንን ቦታ ለሁለት ሳምንት ተውኩት። የቆረጥኩት አኻያ ጋም ደረስኩ። አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቷል። ውሃውን ሊነካ አንድ ክንድ ያህል ቀርቶታል።