ቲፒአር ምንድን ነው? የሕመምና የንጽሕና እንግሊዝኛን በአካል ማስተማር

ቲፒአር «ቶታል ፊዚካል ሪስፖንስ» የሚባለው የቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴ አጭር መጠሪያ ነው። መምህሯ በእንግሊዝኛ ትእዛዝ ትሰጣለች፤ ልጆቹ በአፍ ሳይሆን በአካል ይመልሳሉ። «ስታንድ አፕ» ስትል ይነሳሉ። «ተች ዩር ኖዝ» ስትል አፍንጫቸውን ይነካሉ። መናገሩ ቆይቶ ይመጣል።

ዘዴውን ያስተዋወቀው ጄምስ አሸር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጃፓንኛና በሩሲያኛ ሙከራ አድርጓል። መነሻው ልጅ አፍ የሚፈታበት መንገድ ነው። ሕፃን አንዲት ቃል ሳያወጣ በፊት ለወራት «ና»፣ «እንካ»፣ «ተው»፣ «አፍህን ክፈት» ሲባል ይሰማል። ሰምቶም ያደርጋል። ማንም ቶሎ ተናገር ብሎ አያስጨንቀውም። አሸር ሁለተኛ ቋንቋም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢሰጥ ይቀላል ባይ ነው፤ መጀመሪያ መረዳት፣ ከዚያ መናገር።

ይህን ዘዴ የማነሳው በተለይ ስለ ሕመምና ንጽሕና ለሚያስተምሩ ሰዎች ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች እንግሊዝኛ ላይ የሰውነት ክፍሎች፣ ሕመምና ንጽሕና መምጣታቸው አይቀርም። የተለመደው አካሄድ የታወቀ ነው፤ ቃሉ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይደግማል፣ ደብተር ላይ ይገለበጣል። ልጁ «ፊቨር» የሚለውን ያለ ስሕተት ይጽፋል፤ ግንባሩ ሲግል ግን ቃሉ ትዝ አይለውም። የሚያሳዝነው ትኩሳትን፣ ሳልን፣ የሆድ ቁርጠትን በገዛ ሰውነቱ ጠንቅቆ የሚያውቃቸው መሆኑ ነው። ለእሱ አዲስ የሆነው ድምፁ ብቻ ነው። ድምፁን ከሚያውቀው ሕመም ጋር ማገናኘት ደግሞ የቲፒአር ዋና ሥራ ነው።

አራት ኪሎ ወይም ልደታ አካባቢ ያለ አንድ ክፍል እናስብ። ልጆች በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ መተላለፊያው ጠባብ ነው። «በዚህ ላይ ምን እንቅስቃሴ?» የሚል መምህር ይኖራል። ግን አብዛኛው ትእዛዝ በተቀመጡበት የሚፈጸም ነው። መጀመሪያ ራስ፣ ጆሮ፣ ጥርስ፣ ሆድ። መምህሯ እያለች ታደርጋለች፤ ልጆቹ እያዩ ይከተላሉ። ከዚያ እጇን አጣጥፋ በቃል ብቻ ታዛለች። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህችን ደረጃ ነው፤ ማን እንደገባው፣ ማን ጎረቤቱን እያየ እንደሚከተል የሚለየው ግን እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ሕመሙ ይገባል። «ዩ ሃቭ ኤ ሄዴክ» ሲባል ራስ ይያዛል። «ዩ ሃቭ ኤ ስቶመክ ኤክ» ሲባል ሆድ ይጨበጣል። «ኮፍ» ሲባል ሳሉ በእጅ መዳፍ ላይ ሳይሆን በክርን እጥፋት ላይ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ልጁ ቃሉንና ልማዱን በአንዴ ያገኛል። ሲደክማቸው «ቲቸር ሴይስ» መጫወት ነው፤ «ቲቸር ሴይስ» ካልተባለ ማንም አይንቀሳቀስም። ሳቁን አትፍሩት።

ዘዴው በደንብ የሚያበራው ግን ከክፍል ውጭ፣ ቧንቧው ጋ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ አለ፤ ከምግብ በፊት እጅ መታጠብ ግድ ነው። ይህ ዕለታዊ ሰልፍ እንደ ትምህርት ሰዓት ቢታይ ደስ ባለኝ። «ኦፕን ዘ ታፕ።» «ዌት ዩር ሃንድስ።» «ክሎዝ ዘ ታፕ።» «ቴክ ዘ ሶፕ።» ከዚያ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሃል፣ የጥፍር ሥር። ሳሙናው ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታሸት አለበት። ልጆቹ ከዋን እስከ ትዌንቲ መቁጠር ይማሩ የለ? ቀስ ብለው ይቁጠሩበት። ቧንቧውን መዝጋት የሚለውን መሃል ላይ ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህም ልማድ ነው። ውሃው ከጠፋ ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ ይበቃል።

ኅዳርም ጥሩ አጋጣሚ ነው። ኅዳር 12 በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን የሚባለው። ልማዱ የሚያያዘው በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ካጠቃውና ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ነው፤ ሌላው ዓለም ስፓኒሽ ፍሉ የሚለው ወረርሽኝ ነበር። በዚያ ሰሞን «ፒክ አፕ ዘ ፔፐር»፣ «ፑት ኢት ኢን ዘ ቢን» እያሉ ግቢ ማጽዳት ይቻላል። ጭሱ ይቅር፤ ለልጆች ሳንባ አይጠቅምም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። ንጽሕና ሲነሳ ልጅ እንዳይሸማቀቅ። «ዛሬ ጥርሱን ያልቦረሸ እጁን ያውጣ» አይባልም። የአንዱ ቤት ውሃ ከጠፋ ሰነባብቶ ይሆናል፤ የሌላው ቤት ሳሙና ተቆጥቦ የሚነካ ይሆናል። እያሳለው የመጣውንም ልጅ «ኮፍ» ለሚለው ቃል ማሳያ ማድረግ ነውር ነው። የታመመ ሆኖ የሚታየው መምህሯ ወይም አሻንጉሊት ይሁን። መነሳት የማይችል ልጅ ካለ ደግሞ ሁሉም በእጅና በፊት ብቻ የሚፈጽሙት ትእዛዝ ይመረጥ፤ እሱ ብቻውን ተለይቶ እንዳይቀር።

ቲፒአር ሁሉን አይሠራም። ትእዛዝ «ለምን?» የሚለውን አይመልስም። ለምን እጃችንን እንደምንታጠብ፣ ጀርም ምን እንደሆነ በትእዛዝ አይገባም፤ በአማርኛ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ያሻል፣ ይህም አያሳፍርም። ደግሞም ልጆቹ ዘላለም ታዛዥ ሆነው አይቀሩም። አፋቸው ሲላቀቅ ራሳቸው ያዝዙ፤ መምህሯም ትታዘዝ። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ታማሚ ይሁን። «ዋትስ ሮንግ?» «አይ ሃቭ ኤ ፊቨር።» «ድሪንክ ዋተር። ጎ ቱ ቤድ።» የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ልጆቹ ቀድሞ ሲፈጽሟቸው የነበሩ ትእዛዞች ናቸው።

ፈተናውም በዚሁ መንገድ ይሁን። ለመጀመሪያ ክፍል ልጆች «ፊል ኢን ዘ ብላንክ» ከመስጠት ይልቅ አምስት አምስት አድርጎ ቧንቧው ጋ ወስዶ በእንግሊዝኛ ማዘዝና ማየት ነው። የትኛዋ ትእዛዝ ላይ ብዙ ልጅ እንደቆመ ይያዝ፤ የነገው ትምህርት ከዚያች ይጀምራል።